ያረጀ መረጃ በፍለጋ ሞተሮች ውስጥ ለምን ይቆያል? እንዴትስ ይወገዳል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአውሮፓ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ደብዳቤ ጻፈችልን። ሁለተኛ ዲግሪዋን አጠናቃ ሥራ በመፈለግ ላይ ሳለች ሊቀጥራት ያሰበ ድርጅት በቃለ መጠይቁ መካከል ያልጠበቀችውን ጥያቄ አነሣባት። ከትምህርት የተሰናበተችበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ጠየቋት። ተሰናብታ አታውቅም። የጥያቄው ምንጭ ግን ወዲያው ታወቀ። ስሟ በፍለጋ ሞተር ላይ ሲጻፍ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ውጤት ቀድሞ የተማረችበት አንድ ተቋም ከዓመታት በፊት ያወጣው የስም ዝርዝር ነበር። በዚያ ዝርዝር ላይ በጽሕፈት ስሕተት ስሟ ከተሰናበቱት ተማሪዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ተቋሙ ስሕተቱን በዚያው ሳምንት አርሞ አዲስ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። የፍለጋ ሞተሩ ግን ስለ እርማቱ የሰማው ነገር ያለ አይመስልም።

«ከታረመ ዓመታት አልፈዋል፤ ታዲያ እስካሁን እንዴት ይታያል?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄው ከአንድ መስመር አይበልጥም። መልሱ ግን ስለ ፍለጋ ሞተሮች አሠራር፣ ስለ ዕድል ስሌትና ስለ ሕግ ጥቂት ጥቂት ማወቅን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የእርሷን ጉዳይ እየተከተልን ነገሩን ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍለጋው የሚካሄደው በማውጫ ውስጥ ነው

ብዙ ሰው አንድን ቃል ጽፎ የፍለጋውን ቁልፍ ሲጫን ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ፣ ገጾችን ሁሉ አንብቦ የሚመለስ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መልሱን ለማግኘት ሳምንታት በጠበቅን ነበር። የፍለጋ ሞተሮች ያለማቋረጥ የሚሠሩ ቃኚ ፕሮግራሞች አሏቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች በሊንክ እየተመሩ ከገጽ ወደ ገጽ ይሸጋገራሉ፤ ያገኙትንም ጽሑፍ ወደ ማእከላዊ ማሽኖች ያደርሳሉ። እዚያ ጽሑፉ ቃል በቃል ተበትኖ በማውጫ ይደራጃል። ማውጫው በመማሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከምናገኘው የቃላት ዝርዝር ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። የመጽሐፉ ዝርዝር «ሞመንተም» የሚለው ቃል በገጽ 41፣ በገጽ 87 እና በገጽ 203 እንደሚገኝ ሲነግረን፣ ይኸኛው ደግሞ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ የድረ ገጽ አድራሻዎች እንደሚገኝ መዝግቦ ይይዛል። እኛ ስንፈልግ የሚገለጠው ይህ መዝገብ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ውጤቶቹን በደረጃ መደርደር ነው። ጉግልን በ1998 የመሠረቱት ሁለቱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን፣ ታዋቂ የሆኑበት ሐሳብ አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚዘረጋውን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቃል መቁጠር ነበር። ብዙ ምስክር ያለው፣ በተለይም እነርሱ ራሳቸው ብዙ ምስክር ያላቸው ገጾች የመሰከሩለት ገጽ ከፍ ብሎ ይወጣል። (በጥልቀት ማየት የሚፈልግ ተማሪ የመስመራዊ አልጀብራ ደብተሩን ያውጣ፤ ስሌቱ የአንድን ግዙፍ ማትሪክስ አይገን ቬክተር ከመፈለግ የተለየ አይደለም።) ዛሬ ሌሎች በርካታ መመዘኛዎች ተጨምረውበታል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይኸው ነው። የአንድ ትምህርት ተቋም ድረ ገጽ ብዙ ምስክሮች አሉት። የአንዲት ወጣት ምሩቅ ስም ግን በመላው መረብ ላይ ከሁለትና ከሦስት ቦታ በላይ አይገኝም። የተሳሳተው ዝርዝር ተፎካካሪ ስላልነበረው አንደኛ ወጣ።

እንግዲህ በፍለጋ ውጤት ላይ የምናየው ገጹ ቃኚው በመጨረሻ በጎበኘው ዕለት የነበረውን መልክ ነው። ነገሩ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ፀሐይን የምናያት ከ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ በፊት እንደ ነበረች ነው፤ ከእርሷ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነውን ኮከብ ደግሞ ከ4 ዓመት በፊት እንደ ነበረ። ብርሃን ግን ፍጥነቱ የታወቀ ስለሆነ መዘግየቱን አስቀድመን እናሰላዋለን። የቃኚው መዘግየት ከገጽ ገጽ ይለያያል፤ የጉብኝቱንም ቀን ማንም አስቀድሞ አይነግረንም።

ቃኚው መቼ ይመለሳል?

ጁንጉ ቾ እና ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊና የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2000 ባቀረቡት ሥራ የገጾችን መለወጥ በፖይሰን ሂደት ገልጸውታል። ይህም ማለት አንድ ገጽ በሚቀጥለው ሰዓት የመለወጥ ዕድሉ ካለፈው ለውጥ ወዲህ ባለፈው ጊዜ ላይ አይመሠረትም፤ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ነው። ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የተማረ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። አንድ አቶም ከዚህ በፊት ምን ያህል ዘመን መቆየቱ የሚቀጥለውን ደቂቃ ዕጣውን አይለውጠውም። ስለዚህ በማውጫው ውስጥ ያለ ቅጂ ትክክለኛ ሆኖ የመቆየቱ ዕድል እንደ ራዲዮአክቲቭ ናሙና በጊዜ ብዛት እየመነመነ ይሄዳል።

ቃኚው አንድን ገጽ በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚጎበኝ ከሆነ፣ ቅጂው በአማካይ ከጊዜው ስንት እጁን ትክክለኛ ሆኖ እንደሚያሳልፍ ማስላት ይቻላል። በሁለት ጉብኝቶች መካከል በአማካይ የሚደርሰውን ለውጥ ብዛት «ሀ» እንበለው፤ የቅጂውን ትኩስነት ደግሞ «ት»። ውጤቱ የሚከተለው ነው፤

ት = (1 − 2.718^(−ሀ)) ÷ ሀ

በአማካይ በወር አንድ ጊዜ የሚለወጥ ገጽ በየ10 ቀኑ ቢጎበኝ «ሀ» አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ትኩስነቱም 85 በመቶ ገደማ ነው። በየወሩ ቢጎበኝ ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። በየሦስት ወሩ ከሆነ ደግሞ 32 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ በሌላ አነጋገር ከሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ያህል የምናነበው ነገር ያለፈበት ነው። ቀመሩን ከየት እንዳመጣነው የሚጠይቅ አንባቢ ኤክስፖኔንሻሉን ከዜሮ እስከ ጉብኝቱ ልዩነት ድረስ ኢንተግሬት አድርጎ ለልዩነቱ ያካፍል፤ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ሌላ ውጤት የብዙ ሰውን ግምት የሚገለብጥ ነው። ሁለት ገጾች አሉ እንበል፤ አንደኛው በቀን 9 ጊዜ፣ ሌላው በቀን አንድ ጊዜ ይለወጣል። ቃኚው በቀን አንድ ጉብኝት ብቻ የማድረግ ዐቅም ቢኖረው የትኛውን ይጎብኝ? አብዛኛው ተማሪ «ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን» ይላል። በቀመሩ ብናየው ግን ፈጣኑን ገጽ መጎብኘት የሚያስገኘው 11 በመቶ ትኩስነት ነው፤ ዘገምተኛውን መጎብኘት 63 በመቶ ያስገኛል። ከቃኚው እግር ሥር ሥር የሚለወጥን ገጽ ማሳደድ ዐቅም ማባከን ነው። እርግጥ በተግባር የፍለጋ ሞተሮች የገጹን ተፈላጊነትም ስለሚመለከቱ የዜና ድርጅቶችን ገጾች ቶሎ ቶሎ ይጎበኛሉ። ማንም የማይከፍተው፣ ለዓመታት ያልተለወጠ፣ ሊንክ የማይመራበት አሮጌ ፋይል ግን በወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የተማሪያችን ዝርዝር ከዚህ ወገን ነበረ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። በየ30 ደቂቃው በትክክል የሚመጣ አውቶቡስ ቢኖር፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ፌርማታው የሄደ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 15 ደቂቃ ነው። አውቶቡሶቹ በአማካይ በየ30 ደቂቃው፣ ነገር ግን በዘፈቀደ የሚመጡ ከሆነ አማካይ ጥበቃው 15 ሳይሆን 30 ደቂቃ ይሆናል። ምክንያቱም በዘፈቀደ የመጣ ሰው ረጅሙ ክፍተት ላይ የመውደቅ ዕድሉ ከአጭሩ ይልቅ ሰፊ ነው። በአዲስ አበባ ፌርማታዎች ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ገጽ አርሞ የቃኚውን መምጣት የሚጠብቅ ሰውም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም።

«የለም» የማለት ችግር

ጉዳዩን ስንመረምር የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ቶሎ ተፈታ። ተቋሙ «አርመነዋል» ሲል እውነቱን ነበር፤ አዲስ የፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይል አዘጋጅቶ በዋናው ገጽ ላይ ያለው ሊንክ ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርጓል። አሮጌው ፋይል ግን ከሰርቨሩ አልተሰረዘም ነበር። በር ተደፈነ እንጂ ክፍሉ አልፈረሰም። ቃኚው የፋይሉን አድራሻ ከቀድሞው ስለሚያውቅ ሊንኩ ባይኖርም እየተመላለሰ ያነበው ነበር፤ በመጣ ቁጥርም ፋይሉ በቦታው መሆኑን እያረጋገጠ ይሄዳል። ይህ ስሕተት በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። ሊንክን ማንሣት ፋይልን ማንሣት እንደ ሆነ ይታሰባል።

ለድረ ገጹ ኃላፊ ጽፈን አሮጌው ፋይል እንዲሰረዝ ጠየቅን፤ በማግሥቱ ተሰረዘ። በዚህ አበቃ ብለን ነበር። አላበቃም።

ለምን እንዳላበቃ ለመረዳት ሰርቨሮችና ጎብኚዎቻቸው ስለሚነጋገሩበት ቋንቋ ጥቂት ማለት አለብን። አንድ ጎብኚ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ከጽሑፉ በፊት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይልካል። 200 ማለት «የጠየቅኸው እነሆ» ነው። 301 ማለት «ለዘለቄታው ወደ ሌላ አድራሻ ተዛውሯል» ማለት ነው። ሁላችንም አይተን የምናውቀው 404 «አላገኘሁትም» ይላል፤ ጠፍቶም ይሁን በስሕተት አይናገርም። 410 ደግሞ ቁርጡን ይናገራል፤ «ነበረ፣ አሁን የለም፣ አይመለስምም» እንደ ማለት ነው። ሰው የሚያነበው በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ነው። ቃኚው ግን አስቀድሞ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። 404 ያገኘ ቃኚ ወዲያው ገጹን ከማውጫው አያወጣም፤ ሰርቨር ለጥቂት ሰዓት ሊታወክ እንደሚችል ስለሚያውቅ ተመልሶ ይሞክራል። በ410 ነገሩ ጥቂት ሊፈጥን ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ትልቅ አይደለም።

የተቋሙ ድረ ገጽ ከእነዚህ አንዱንም አልተናገረም። የድረ ገጹ ባለሙያዎች ለጎብኚ መልካም አድርገው፣ የሌለ አድራሻ የጠየቀ ሁሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ዋናው ገጽ እንዲታየው አድርገው ነበር፤ ሰርቨሩም ከዋናው ገጽ ጋር 200 ይልካል። እንግዲህ ቃኚው መጥቶ «ያ ፋይል አለ?» ሲል ሰርቨሩ «እነሆ!» ይለዋል፤ የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለሙያዎች ይህን ሐሰተኛ 404 ይሉታል። የፍለጋ ሞተሮች እንዲህ ያለውን ጨዋ ውሸት ለመለየት ይጥራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። በእኛ ጉዳይ አልተሳካላቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ደግሞ አንድ የተቋሙ ባልደረባ በቅን ልቦና ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ለቃኚዎች «ወደዚህ ክፍል አትግቡ» የሚልበት «ሮቦትስ» የተባለ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል አለ። ማርቲን ኮስተር የተባሉ የሶፍትዌር መሐንዲስ በ1994 ያቀረቡት ሐሳብ ሲሆን፣ ለሃያ ስምንት ዓመታት በልማድ ሲሠራበት ቆይቶ በ2022 መደበኛ ደንብ ሆኖ ታትሟል። ባልደረባው አሮጌዎቹ ዝርዝሮች የነበሩበትን ክፍል ሁሉ በዚህ ፋይል ዘጋው። ሐሳቡ «ቃኚው ካልገባ ከማውጫው ይወጣል» የሚል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ያልገባ ቃኚ ፋይሉ መሰረዙን በምን ያውቃል? ቀድሞ የያዘውን ይዞ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ገጽን «በማውጫ አታስገቡኝ» ብሎ ማሳወቂያ የሆነ «ኖኢንዴክስ» የሚባል ምልክት አለ፤ ትክክለኛው መሣሪያም እርሱ ነው። ምልክቱ ግን የሚጻፈው በገጹ ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም በሩን ከቆለፉ በኋላ «ዛሬ እንግዳ አንቀበልም» የሚለውን ማስታወቂያ ከበሩ በስተውስጥ እንደ መለጠፍ ነው።

ክልከላው ተነሣ፤ ሰርቨሩም ለዚያ አድራሻ 410 እንዲመልስ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው ወደ ፍለጋ ሞተሩ ማመልከት ትርጉም ያገኘው።

ማመልከቻው

ጉግል ሁለት ዓይነት በር አለው። አንደኛው ለድረ ገጹ ባለቤት ብቻ የተከፈተ ነው። ባለቤትነቱን ያረጋገጠ ሰው አንድ አድራሻ ከውጤት እንዲሸሸግ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይፈጸማል፤ ይሁን እንጂ የሚጸናው ለስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንጩ ካልተስተካከለ ገጹ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሁለተኛው በር ለማንኛውም ሰው የተከፈተ ነው። ገጹ ጠፍቶ ወይም ጽሑፉ ተለውጦ ሳለ ውጤቱ አሁንም አሮጌውን የሚያሳይ ከሆነ ማንም ሰው አድራሻውን በመጥቀስ እንዲታደስ ሊያመለክት ይችላል። ገጹ ካልጠፋ፣ የተወገደውን አንድ ቃል መጥቀስም ይጠየቃል፤ ማሽኑም ቃሉ በአሮጌው ቅጂ እንዳለ፣ በአሁኑ ገጽ ግን እንደሌለ ያነጻጽራል። ቢንግም የራሱ ተመሳሳይ መንገድ አለው፤ አንዱ ዘንድ ያመለከተ ሰው ሌላው ዘንድም ለብቻ ማመልከት ይኖርበታል። በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል።

የመጀመሪያው ማመልከቻችን፣ ሰርቨሩ ገና 200 ይልክ በነበረበት ወቅት የቀረበው፣ «ገጹ አሁንም አለ» በሚል ተመልሷል። ሁለተኛው በጥቂት ቀናት ተፈጸመ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ያ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲለይ እንሻለን። ከላይ የተገለጸው መንገድ ምንጩ አስቀድሞ ለታረመበት ጉዳይ ነው። ምንጩ ሐሰቱን ይዞ በቦታው ካለ የፍለጋ ሞተሩ እንደ መርሕ «ከጸሐፊው ጋር ተነጋገሩ» ይላል። ከዚህ የሚለዩ ጉዳዮች አሉ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የፊርማ ምስልና የመሳሰሉት ለጉዳት የሚያጋልጡ መረጃዎች ሲሆኑ ጉግል ከማንኛውም ሰው ጥያቄ ይቀበላል፤ በ2022 ደግሞ የስልክ ቁጥርንና የመኖሪያ አድራሻን ጨምሯል። ሐሰት መሆን ብቻውን ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ማሽኑ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የትኛው እውነት እንደሚናገር የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ይህ አቋም እኛ እንደምናየው ስሕተት አይደለም።

ሕግ የገባበት ቦታ

ሕግ ግን በአንዳንድ አገሮች ከዚህ አልፎ ሄዷል። አንድ የስፔን ዜጋ በ1998 በባርሴሎና በሚታተም ጋዜጣ ላይ፣ ለማኅበራዊ ዋስትና ባለው ዕዳ ምክንያት ንብረቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ወጥቶበት ነበር። ዕዳው ከተዘጋ ዓመታት ካለፉ በኋላም ስሙ ሲፈለግ ያ ማስታወቂያ ይወጣል። ሰውየው አቤቱታውን በ2010 ለአገሩ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አቀረበ፤ ጉዳዩም እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 13 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ የፍለጋ ሞተር ለሚያወጣው ውጤት ራሱ ተጠያቂ መሆኑን ገለጸ፤ በቂ ያልሆነ፣ አግባብነቱን ያጣ ወይም ከመጠን ያለፈ መረጃ የያዘ ሊንክ በስም ለሚደረግ ፍለጋ እንዳይወጣ የመጠየቅ መብትም ሰጠ። የጋዜጣው ገጽ እንዳለ ቀረ። የተቆረጠው በስምና በገጹ መካከል ያለው መንገድ ነው። የሚያስገርመው፣ መረሳትን የጠየቀው ሰው በዚህ ክስ ምክንያት በሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚታወቅ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ አድራሻዎች ጥያቄ ቀርቧል፤ ጉግል ራሱ ባወጣው ዘገባ መሠረት ተቀባይነት ያገኙት ግማሽ ገደማ ናቸው። መብቱ ከሜይ 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ውስጥም ገብቷል። ሁለት ተከታይ ውሳኔዎች ወሰኑን አስምረዋል። በ2019 ፍርድ ቤቱ የኅብረቱ ሕግ በመላው ዓለም ካሉ ውጤቶች ሁሉ ማንሣትን አያስገድድም አለ። በ2022 ደግሞ መረጃው ሐሰት ነው የሚል ሰው ግልጽ ማስረጃ ካቀረበ፣ አስቀድሞ ጸሐፊውን በፍርድ ቤት መርታት ሳያስፈልገው የፍለጋ ሞተሩ ሊንኩን ማንሣት እንዳለበት ወሰነ። ተማሪያችን በአውሮፓ ነዋሪ በመሆኗ ይህ መንገድ ተከፍቶላት ነበር። ከተቋሙ የተሰጣት የእርማት ደብዳቤ ግልጽ ማስረጃ በሆናት ነበር፤ ሆኖም ምንጩ በመጨረሻ ስለ ታረመ አላስፈለጋትም።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት አላቸው ብሏል፤ አፈጻጸሙን እንዲከታተል የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የስም ዝርዝር በየጊዜው በመረብ ላይ የሚያወጡ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አዋጁን ቢያነቡት መልካም ነው።

መሰረዝ ወይስ ማስታወሻ መጻፍ?

ይህን ሁሉ ስንል የማይመች መረጃ ሁሉ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። የሳይንስ ዓለም በዚህ ረገድ የራሱ የሆነ ጥሩ ልማድ አለው። በ2002 ሳይንስ የተባለው መጽሔት የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የነበረው ያን ሄንድሪክ ሾን የተሳተፈባቸውን ስምንት ጽሑፎች፣ መረጃቸው የተፈበረከ ሆኖ በመገኘቱ ሽሯቸዋል። ጽሑፎቹ ግን ከመዝገብ አልተቃጠሉም። ዛሬም የሚፈልጋቸው ያገኛቸዋል፤ መሻራቸው ከርእሳቸው ጋር ተጽፎ። ይህ ልማድ ለዘመናት እየተጠቀሰ የሚኖር የምርምር ሥራን የሚመለከት ነው። የአንዲት ልጅ ስም በስሕተት የገባበት ሠንጠረዥ ከዚህ ይለያል። እርማቱን ማስታወሻ አድርጎ ማቆየት ስሟን ከስንብት ጋር እያጣመረ መኖር ይሆናል፤ ማውጫው ቃላትን ይቆጥራል እንጂ «አልተሰናበተችም» እና «ተሰናብታለች» የሚሉትን ሁልጊዜ አይለይም።

የስማችን ነገር

የኢትዮጵያውያን ስም በዚህ ጉዳይ የራሱን ጣጣ ያመጣል። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የስምና የአባት ስም መገጣጠም ብዙ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት «ሰሎሞን ተስፋዬ» ማግኘት ለማንም መምህር አዲስ አይደለም። ስለዚህ ከፍለጋ ውጤት ላይ የሚነሡት ቅሬታዎች አንዳንዶቹ ያረጀ መረጃ ሳይሆኑ የሌላ ሰው መረጃ ናቸው። እንዲህ ሲሆን የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ገጹ ስለ ሌላው ሰው እውነት ይናገራል። መፍትሔው የአያት ስምን ጨምሮ፣ ሙያንና ትምህርትን የሚገልጽ የራስ ገጽ ማውጣት ነው። ማሽኑ የሚያነጻጽረው ሌላ ገጽ ሲያገኝ ሁለቱን ሰዎች መለየት ይጀምራል።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። ግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በዚያ ሥርዓት «ሰ» 1230፣ «ሠ» ደግሞ 1220 የሚል የየራሳቸው የመለያ ቁጥር አላቸው። ለእኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ማሽኑ ግን አንድ ናቸው ተብሎ ካልተነገረው በቀር ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራትና አምስት መልክ ይይዛል። ስለዚህ ስሙን የሚፈትሽ ሰው በአንድ አጻጻፍ ምንም ባያገኝ «ነጻ ነኝ» ማለት የለበትም።

ማውጫ ያልሆነ ማኅደርም አለ። ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን እየቀዳ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ አንዱ ነው፤ ለእርሱ በቀጥታ ጽፎ ማመልከት ይቻላል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የተስፋፉት የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። በማውጫ ውስጥ ያለ መረጃ መስመሩ ይታወቃል፤ ይሰረዛል። በሞዴል ውስጥ ግን የተነበበው ጽሑፍ በቢሊዮኖች በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀር ይህኛው ቁጥር የዚያ ዝርዝር ነው ብሎ ማውጣት አይቻልም። ማሽንን የማስረሳት ጥናት ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኗል፤ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የተማሪያችንን ስም እንደ ገና በአማርኛም በላቲንም በየአጻጻፉ ፈለግን። የተቋሙ አሮጌ ዝርዝር ከጉግልም ከቢንግም ወጥቷል። በአንደኛው የላቲን አጻጻፍ ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ውጤት ተገኘ። ከተለያዩ ድረ ገጾች የተለቀሙ ፋይሎችን ሰብስቦ የሚያወጣ፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የማይናገር ድረ ገጽ ነው፤ ያንኑ አሮጌ ፒ.ዲ.ኤፍ. ከመሰረዙ በፊት ቀድቶት ኖሯል። ለአስተናጋጅ ኩባንያው የተቋሙን የእርማት ደብዳቤ አያይዘን ጽፈናል። እርሷም ለአውሮፓው የፍለጋ ሞተር ቅርንጫፍ የ2022ቱን ውሳኔ ጠቅሳ ማመልከቻ አስገብታለች። መልስ በመጠበቅ ላይ ነን።